ውሃው በላዩ ተኝቶ ሳለ የክምሩ ውስጥ ለምን ይደርቃል?

ጥያቄው የመጣው መንዝ ውስጥ በሞላሌ ከሚያስተምሩ አንድ የፊዚክስ መምህር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የኑክሌር ማብላያ ከባድ አደጋ ደርሶበት ነዳጁ ቀልጦና ተፈረካክሶ ከታች ሲከመር፣ በላዩ ውሃ መሙላት ብቻ ለምን አይበቃም? ተማሪዎቼ ‹እሳትስ እንኳ ውሃ ሲደፉበት ይጠፋል› አሉኝ። ውሃው በላዩ ሞልቶ ሳለ የክምሩ ውስጥ ሊደርቅ እንደሚችል አንብቤአለሁ፤ ማስረዳቱ ግን አቃተኝ። በእኛ ዘንድ ካለ ነገር ጋር አያይዘው ቢያብራሩልኝ፣ ከተቻለም በክፍል ውስጥ የማሳይበትን ዘዴ ቢጠቁሙኝ።»

የተከበሩ መምህር፣

የተማሪዎችዎ አባባል ስሕተት ቢሆንም ጥሩ መነሻ የሚሆን ስሕተት ነው። እሳትን ውሃ ስንደፋበት የምናጠፋው ሙቀቱን ስለምንወስድ ብቻ ሳይሆን መቃጠሉን ራሱን ስለምናስቆም ነው። ከማብላያው የወደቀው ነዳጅ ግን የሚቃጠል ነገር ስላልሆነ «የሚጠፋ» ነገር የለውም። አተም የመሰንጠቁ ሥራ መቆጣጠሪያ ዘንጎቹ በገቡ በሴኮንዶች ውስጥ ቆሟል፤ የቀረው ሙቀት ከመሰንጠቁ የተወለዱት ያልረጉ ንጥረ ነገሮች ወደ ረጋ ሁኔታ ሲለወጡ የሚያወጡት ነው፤ ይህንን ደግሞ ውሃም፣ አሸዋም፣ አተም መሰንጠቁን የሚገታው ቦሮንም አያስቆመውም፤ እየቀነሰ የሚሄደው በራሱ ጊዜ ነው።

ከእኛ አገር ነገር የቅርብ ዘመዱ እሳት ሳይሆን የፍግ ክምር ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሜዳውን አንጥቶት ባደረ ጠዋት ከበረቱ አጠገብ ያለው ክምር ሲተን ይታያል፤ እጅ ወደ ውስጥ ቢሰድዱም ያቃጥላል። ማንም አልለኮሰውም። ሙቀቱ የሚወለደው በእያንዳንዱ እፍኝ ውስጥ ነው፤ የሚወጣው ግን በገጹ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ክምሩ ከፍ ባለ ቁጥር ውስጡ የባሰ ይግላል፤ ያንኑ ፍግ በማሳው ላይ ቢበትኑት ደግሞ በአንድ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ይህን ልዩነት፣ ማለትም በሆድ ውስጥ ሁሉ የሚወለድ ሙቀትና በገጽ በኩል ብቻ የሚወጣ ሙቀት እኩል አለመሄዳቸውን፣ ተማሪዎችዎ ከያዙ የቀረው ሁሉ ቀላል ይሆንላቸዋል።

መጠኑን እንየው። 3,000 ሜጋዋት ሙቀት የሚያመነጭ ማብላያ በቆመበት ቅጽበት ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆነው፣ ማለትም 200 ሜጋዋት ያህል፣ ይቀራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ 1.5 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል፤ ይህም 15 ሜጋዋት ነው። ከዚያ በኋላ አወራረዱ እየዘገመ ይሄዳል። አሁን ውሃውን እናስላው፤ አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 2.6 ሜጋጁል ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ 15 ሜጋዋትን ለመሸከም በሴኮንድ 6 ሊትር ገደማ፣ በቀን ደግሞ 500 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይበቃል። በሴኮንድ 6 ሊትር ለአንዲት አነስተኛ ከተማ የሚቆፈር መጠነኛ ጥልቅ ጉድጓድ የሚሰጠው ውሃ ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያዎቹ አስጨናቂ ሰዓታት በኋላ በመጠን በኩል የሚያስቸግር ነገር የለም፤ ፓምፕና ኤሌክትሪክ ካለ ውሃው ይገኛል። የሚቸግረው ያ ውሃ ሙቀቱ ወደሚወለድበት ቦታ መድረሱ ነው።

ክምሩ ከምን እንደሚሠራ ልናገርና ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። ነዳጁ የዩራኒየም ኦክሳይድ ሸክላ ሲሆን የሚቀልጠው በ2,850 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የተሸፈነበት የዚርኮኒየም ቱቦ በ1,850 ገደማ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም፣ ከ1,200 ዲግሪ በላይ ከእንፋሎት ጋር በፍጥነት እየተዋሐደ ተጨማሪ ሙቀትና ሃይድሮጅን ያወጣል። ይህ ሁሉ ከብረቱ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀልጥ ባለሙያዎች ኮሪየም ይሉታል። የቀለጠው ኮሪየም ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲወርድ ይበታተንና ረግቶ ጠጠር ይሆናል፤ የአብዛኛው ጠጠር ውፍረት ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር፣ በእኛ አነጋገር ከጤፍ ቅንጣት እስከ ምስር ቅንጣት ነው። በጠጠሮቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ከጠቅላላው ይዞታ 40 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ይህም በአንድ እንቅብ ገብስ ውስጥ ካለው ክፍተት ጋር የሚቀራረብ ነው። የፍርስራሽ ክምር የምንለው ይህንን ነው።

አሁን አንድ ሃያ ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን አፉን ወደ ታች ይገልብጡት። ውሃው በጸጥታ አይወርድም፤ ቡልቅ ቡልቅ እያለ፣ አየሩ ሲገባ ውሃው እየቆመ፣ ውሃው ሲወጣ አየሩ እየተገታ ይፈሳል፤ ምክንያቱም ሁለቱ በአንድ ጠባብ አፍ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጋፉ ነው። የጀሪካኑን ሌላ ጥግ በምስማር ቢበሱት ግን አየሩ በዚያ ስለሚገባ ውሃው ያለ ችግር ይወርዳል። በፍርስራሹ ክምር ውስጥ በእያንዳንዷ ቀዳዳ የሚሆነው ይኸው ነው። ክምሩ ከላይ ብቻ ውሃ ሲያገኝ፣ ውሃው በክብደቱ ወደ ታች መውረድ ይፈልጋል፤ ከታች የተወለደው እንፋሎት ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ወደ ላይ መውጣት አለበት። አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ጠለል ላይ ሲተን ወደ 1,700 ሊትር እንፋሎት ይሆናል። ስለዚህ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የእንፋሎቱ ንፋስ ይበረታል፤ ከአንድ ገደብ ሲያልፍም የሚወርደውን ውሃ ይገታዋል። ከዚያ ወዲያ በላዩ አንድ ሜትርም ይሁን አሥር ሜትር ውሃ ቢተኛበት ብዙ ለውጥ የለውም፤ መንገዱ በእንፋሎት ተይዟል።

ይህ ገደብ የድርቀት ገደብ ይባላል፤ የሚለካውም በአንድ ካሬ ሜትር የክምር ገጽ ስንት ኪሎዋት ሊወጣ እንደሚችል ነው። ኤርጉን የተባለው የቱርክ ተወላጅ ኬሚካል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1952 ፈሳሽና ጋዝ በጠጠር ክምር ውስጥ ሲያልፉ የሚገጥማቸውን ግፊት የሚያሰላ ቀመር አወጣ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ በአሜሪካው የሳንዲያ ቤተ ሙከራ ሊፒንስኪ ያንን ሐሳብ ለሚፈላ ክምር አስፋፍቶ እስከ ዛሬ መነሻ የሚሆነውን የድርቀት ስሌት ሠራ። በሁለትና በሦስት ሚሊሜትር ጠጠር፣ በተራ የአየር ግፊት፣ ገደቡ በጥቂት መቶ ኪሎዋት ደረጃ ላይ ይገኛል።

እኔ ራሴ በተማሪነቴ ዘመን በውጭ አገር በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የጠጠር ክምር በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ነበር፤ ላዩ እንደ ማንኛውም ድስት ረጋ ብሎ ይፈላል፤ ኃይሉን በትንሹ ስንጨምር ከላይ የተለወጠ ነገር አልታየም፤ ከታች የተቀበረው የሙቀት መለኪያ ግን ከመቶ ዲግሪ ተነሥቶ መውጣት ጀመረ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥም ሁለት መቶን አለፈ። ላዩን ብቻ የሚያይ ሰው ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ይሄድ ነበር።

ይህ በቤተ ሙከራ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ በሚገኘው በስሪ ማይል አይላንድ ሁለተኛው ማብላያ የደረሰው አደጋ ለእርስዎ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ነው። አደጋው ከጀመረ በ174ኛው ደቂቃ አንድ ትልቅ ፓምፕ ተነሥቶ ውሃ ወደ ጋለው ነዳጅ ሲገፋ፣ ተሰባሪ የሆኑት የላይኞቹ የነዳጅ ዘንጎች ተፈረካክሰው የጠጠር ክምር ሆኑ። ከ200ኛው ደቂቃ ጀምሮ በገባው ውሃ ነዳጁ ዳግም ሙሉ በሙሉ ተዋጠ። ሆኖም ከክምሩ በታች፣ በረጋ ቅርፊት በተከበበው መካከለኛ ክፍል፣ የቀለጠው እየሰፋ ሄደ፤ በ224ኛው ደቂቃም ቅርፊቱ ተቀደደና 20 ቶን ያህል ኮሪየም ወደ ማብላያው ድስት ወለል ወረደ። ልብ ይበሉ፤ ይህ የሆነው ነዳጁ በውሃ ውስጥ ተነክሮ ሳለ ነው። ውሃው ወደ መካከሉ የሚገባበት ቀዳዳ ስላልነበረው፣ ከውጭ እየፈላ ከውስጥ ይቀልጥ ነበር።

የዚያው አደጋ ሁለተኛ ምዕራፍ ደግሞ በተቃራኒው ያስተምራል። 13 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው የብረት ወለል በአንድ ስፍራ 1,100 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ቆየ ኋላ ከብረቱ ከተወሰደው ናሙና ታውቋል፤ በጊዜው በነበረው ስሌት ይበሳል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ አልተበሳም። በረጋው ኮሪየም ስንጥቆችና በቅርፊቱና በብረቱ መካከል በተፈጠረው ጠባብ ክፍተት ውሃ ገብቶ ከተጠበቀው በፍጥነት እንዳቀዘቀዘው ይታመናል። የጥቂት ሚሊሜትር ስንጥቅ ብዙ ቶን ውሃ ያልሠራውን ሠራች።

እንግዲህ የውሃው መንገድ በምን ይወሰናል? የመጀመሪያው የጠጠሩ መጠን ነው። ፍሰቱ ዝግ ባለበት ሁኔታ የጠጠሩ ውፍረት በግማሽ ቢቀንስ የመንገዱ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ባዶ ቦታውም እንዲሁ ነው፤ ከ40 ወደ 30 በመቶ ቢወርድ ክምሩ የማሳለፍ አቅሙ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። በአንድ ጎተራ ገብስ ላይ ጥቂት ቁና ዱቄት ቢቀላቀልበት በገብሱ መካከል ያለው አየር እንዴት እንደሚታፈን ያስቡ፤ በመጠን የተደባለቀ ክምርም ጠባዩ ወደ ትላልቆቹ ሳይሆን ወደ ትናንሾቹ ቅንጣቶች ያዘነብላል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ተፈጥሮ ራሷ የምታደርገው አደራደር ነው፤ ትልልቁ ጠጠር ቀድሞ ሲሰምጥ ደቃቁ ዘግይቶ ስለሚወርድ፣ ደቃቁ ከላይ እንደ ክዳን ይተኛል። ወፍራም ጠጠር ከታች፣ ደቃቅ ከላይ ሲሆን ገደቡ ሁሉም ደቃቅ ከሆነበት ክምር እንኳ ሊያንስ ይችላል፤ ደቃቁ ንብርብር ውሃውን እንደ ስፖንጅ ለራሱ ይይዘዋልና።

ሁለተኛው የክምሩ ቅርጽ ነው፤ በእኔ አመለካከት ከጠጠሩ መጠን ይልቅ ተማሪዎችን የሚያስደስታቸው ይህ ነው። ፍርስራሹ ግድግዳ ለግድግዳ ተደላድሎ ቢተኛ ውሃው የሚገባው ከላይ ብቻ ነው፤ ድርቀቱም በአብዛኛው የሚጀምረው ከሥሩ ነው። እንደ ገብስ ክምር ሾጥጦ ቢቆም ግን ውሃው በጎኑና በግርጌው ዙሪያ ይገባል፤ እንፋሎቱ ደግሞ በመካከሉ ወደ ጫፉ ይወጣል፤ የተበሳው ጀሪካን ማለት ነው፤ መግቢያና መውጫው ተለያየ። በፊንላንድ በቪቲቲ የምርምር ተቋም በተደረጉ ሙከራዎች ቁመታቸው እኩል ከሆነ ሾጣጣው ከደልዳላው የበለጠ ሙቀት ሳይደርቅ እንደሚሸከም ታይቷል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ያው ብዛት ያለው ፍርስራሽ ሲሾጥጥ ቁመቱ ይጨምራል፤ የሚወለደው እንፋሎት ሁሉ ወደ ጠባቡ ጫፍ ስለሚሰበሰብም ድርቀቱ ቦታውን ለውጦ ከጫፉ አጠገብ ይጀምራል። ስለዚህ ሾጣጣ ቅርጽ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ሊወስድ ይችላል።

ቁጥር ይጨመርበት። 100 ቶን ያህል ኮሪየም ጠጠር ሆኖ ቢከመር 20 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። በ30 ካሬ ሜትር ወለል ላይ ቢተኛ ቁመቱ 70 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ 15 ሜጋዋቱን ለ30 ብናካፍለው በካሬ ሜትር 500 ኪሎዋት ይደርሳል፤ ይህም ከገደቡ ጋር የሚተናነቅ፣ እንደ ጠጠሩ መጠንም የሚያልፈው ነው። በ100 ካሬ ሜትር ላይ ቢበተን ግን 150 ኪሎዋት ብቻ ይሆናል። ሙቀቱም ውሃውም ያው ሆኖ ሳለ፣ ፍጉን በማሳው መበተን ውጤቱን ለወጠው።

በዚህ ላይ የእኛን ደጋ የሚመለከት አንዲት የጎን ነገር ላንሣ። በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ፣ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ እንደ ሆነ ባቄላ የቀቀለ ሁሉ በጊዜው ርዝመት ያውቀዋል። የአየሩ ግፊት ስላነሰ እንፋሎቱም ይሳሳል፤ አንድ ኪሎ ግራም ውሃ 1,700 ሳይሆን 2,300 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ይህ ማለት ያንኑ ሙቀት ለማውጣት እንፋሎቱ የበለጠ መፍጠን አለበት፤ ስለዚህ ያው የጠጠር ክምር በደብረ ብርሃን ክፍት ገንዳ ውስጥ ቢሞከር የድርቀት ገደቡ ከባሕር ጠለል አንድ ሰባተኛ ያህል እንደሚያንስ በራሴ ስሌት አግኝቻለሁ። በእውነተኛ አደጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በታሸገው ሕንፃ ውስጥ ግፊቱ ስለሚጨምር እንፋሎቱ ይታመቃል፤ ገደቡም ከፍ ይላል።

መሐንዲሶቹ ይህንን ካወቁ በኋላ ያደረጉት በአንድ መንገድ አልሄደም። ስዊድኖች ከማብላያው በታች ያለውን ክፍል በጥልቅ ውሃ ሞልተው ኮሪየሙ ሲወርድ ጠጠር እንዲሆን መረጡ፤ የስቶክሆልሙ የቴክኖሎጂ ተቋም ኬቲኤች ለብዙ ዓመታት የክምሩን አሠራር ያጠናውም ለዚሁ ነው፤ ዋጋው ግን ቀልጦ የሚወርደው ነገር ከውሃ ጋር ሲገናኝ የእንፋሎት ፍንዳታ ሊያስነሣ መቻሉ ነው። የፈረንሳይና የጀርመን መሐንዲሶች ኢፒአር ለተባለው ማብላያቸው 170 ካሬ ሜትር የሚሆን ወለል አዘጋጅተው ቅልጡ በደረቁ ከተበተነ በኋላ ከሥርም ከላይም እንዲቀዘቅዝ አደረጉ። ሩሲያውያን ከማብላያው ሥር የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ የሞላበት ትልቅ የብረት ድስት ያስቀምጣሉ፤ ኦክሳይዱ ከቅልጡ ጋር ተዋሕዶ የሙቀቱን ጥግግት ያሳሳዋል፤ ድስቱም ከውጭ በውሃ ይከበባል። መጀመሪያ የተተከለው በቻይና ቲያንዋን ሲሆን፣ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረው የግብፁ ኤል ዳባ ማብላያም ይኸው ዓይነት አለው። በጀርመን በካርልስሩኤ የተፈተነው ኮሜት የተባለው ሐሳብ ደግሞ ውሃውን ከሥር በግፊት ያስገባል፤ እንፋሎቱና ውሃው በአንድ አቅጣጫ ወደ ላይ ስለሚሄዱ የመጋፋቱ ችግር ይቀራል። ለእኔ ከሁሉም የሚያምረኝ ይህ ነው፤ ውሃን ከላይ በብዛት ከማፍሰስ ይልቅ ከሥር በጥቂቱ ማስገባት ይበልጣልና።

ኮሪየሙ ሳይቀዘቅዝ ኮንክሪት ላይ ቢያርፍ የኮንክሪቱ ድንጋይ ዓይነት እንኳ ለውጥ ያመጣል። እንደ ለሚ አካባቢ ያለ የኖራ ድንጋይ የተቀላቀለበት ኮንክሪት ሲግል ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙም ቅልጡን እየናጠ ቅርፊቱን ስለሚበሳሳው ውሃ ይገባል። ሲሊካ የበዛበት ኮንክሪት ግን ጋዝ ስለሚያንሰው ቅርፊቱ ደፍኖ ይተኛል። በአሜሪካ በአርጎን ቤተ ሙከራ የተደረጉት ሙከራዎች ወደዚህ ያመለክታሉ።

በጃፓን ስላለው ስለ ፉኩሺማም ተማሪዎች ይጠይቁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሦስት ማብላያዎች ውስጥ የተከማቸው ፍርስራሽ በግምት 880 ቶን ነው፤ ዛሬ ቀሪ ሙቀቱ በጣም ስለወረደ በጥቂት ውሃ ይያዛል፤ በዚያ ያለው ፈተና ማቀዝቀዙ ሳይሆን ማንሣቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ናሙና አንድ ግራም እንኳ አልሞላም።

አሁን ወደ ክፍልዎ። ሙቀት አያስፈልግም፤ እንፋሎቱን በአየር እንተካው። የሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠው ያስወግዱ፤ ከወለሉ አጠገብ በጎኑ በመርፌ ጥቂት ቀዳዳዎች በስተው በቀጭን ቱቦ ከብስክሌት መንፊያ ጋር ያገናኙት፤ መጋጠሚያውን በሰም ይድፈኑት። ጠጠር፣ የምስር ቅንጣት የሚያህለውን፣ እስከ ግማሹ ይሙሉበት። አንድ ተማሪ ሳያቋርጥ ሲነፋ ሌላው በቀለም የተበጠበጠ ውሃ ከላይ ያፍስ፤ ቀለሙ ወደ ታች ሲወርድ የሚፈጀውን ጊዜ ይቁጠሩ። ከዚያ ጠጠሩን አውጥተው ደቃቅ አሸዋ ይሙሉና ይድገሙት፤ ውሃው ከላይ ተኝቶ ሲንቦጫረቅ የአሸዋው ሥር ደረቅ ሆኖ ሲቆይ በጠርሙሱ ግድግዳ በኩል ይታያል። በመጨረሻ በአሸዋው መካከል አንድ የእስኪርቢቶ ቀፎ ከላይ እስከ ወለሉ፣ ጫፉ ከውሃው በላይ እንዲወጣ አድርገው ያቁሙና በዚያ በኩል ብቻ ውሃ ያፍስሱ፤ ቀለሙ ከሥር ተነሥቶ ወደ ላይ መዝለቅ ሲጀምር ተማሪዎችዎ ምክንያቱን ከእኔ ቀድመው ይነግሩዎታል።